ቆሞ የማይጠፋ መብራት

ባለፈው ሰሞን፣ ምሽቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ በራችን ላይ አንድ የብስክሌት መብራት መጥቶ ቆመ። ቆሞም አልጠፋም። እኔ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ነበር፤ የብስክሌት መጠገኛዬን ከዘጋሁ ወዲህ ሥራዬ እሱ ነው፣ ከፓፓያው ዛፍ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ፓፓያው ዛፍ። ባለቤቴ ጌጤ «ሰውዬ፣ መሬቱን ጨረስከው እኮ! ምናለ አረፍ ብትል?» ትለኛለች። እንዴት ልረፍ? እግሬ እሺ አይለኝም፤ በልጅነቴም እንዲሁ ነበርኩ። እና ያን ብርሃን በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳየው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ብስክሌት መብራቱን አብርቶ ያለ ድምፅ መምጣቱ፣ ከቆመ በኋላም ቦግ ብሎ መቅረቱ እኔን ለመሰለ ሰው የጤና አይደለም። በሩን በርግጄ ብወጣ ሂክማ ናት። ሂክማ የጓሮዋን ክፍል የተከራየችን የወሎ ልጅ ናት፣ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የድሮ ብስክሌቷን ሸጣ ሌላ መግዛቷ ነበር።

«ዲናሞው የታለ?» አልኳት፣ እንዴት አመሸሽ እንኳ ሳልላት።

«የምን ዲናሞ ጋሼ?»

«መብራቱን ከየት ነው የሚያመጣው? ባትሪ ነው እንዳትዪኝ ብቻ።»

«ኧረ ባትሪ የለውም። እዚህ ውስጥ ነው» አለችና የፊት ጎማውን እምብርት በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «ጎማው ሲዞር ይኼው ራሱ ያመነጫል። ሳቆመው ደግሞ ካጠራቀመው ትንሽ ይቆያል፤ አራት አምስት ደቂቃ ያህል።»

«ድምፅስ?»

«ምንም! ከዱባይ ሳይሆን ከአውሮፓ ከሚመጡት አሮጌዎች ነው፣ አዲስ አበባ አንድ ሰውዬ አለ።» ጉልበቴ እየተንቋቋ ተንበረከክሁና ጆሮዬን ወደ እምብርቱ አስጠግቼ ጎማውን እንድታዞርልኝ ነገርኳት። አዞረችው። እውነትም ምንም የለም። መሬት ላይ ተንበርክኬ ስቀር ልጅቷ ግራ ገብቷት «ጋሼ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ምን ደህና እሆናለሁ፣ ያን ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን ነው ያነጋሁት።

የኛ ዘመን ዲናሞ ሌላ ነገር ነበረች። የመድኃኒት ጠርሙስ ነው የምታክለው፤ ከፊት ጎማው ጎን ትታሰራለች። በአውራ ጣትህ ገፋ ስታደርጋት አናቷ ላይ ያለችው ጥርሳም ክብ ጎማውን ትነክሰዋለች፤ ከዚያ አንተ በረገጥክ ቁጥር እሷ ትጮኻለች። ዚይይይይ! ፍጥነት ስትጨምር ጩኸቷ ይቀጥናል፣ መብራቱም ይደምቃል። ቀስ ስትል ታጉረመርማለች፣ መብራቱም ይገረጣል። ስትቆም ድርግም! ጎማውንም ይዛ አታስኬድህም፣ ሰው ከኋላህ አፈናጠህ የምትነዳ ነው የሚመስልህ። ግን ናዝሬት ውስጥ (አዳማ በሉ ትሉኛላችሁ፣ እላለሁ፣ ዛሬ ግን የማወራው ስለ ናዝሬት ነው) መብራት ያለው ብስክሌት ከስንት አንድ ነበር። ትራፊኩ ፖስታ ቤቱ ጋ ይቆምና መብራት የሌለውን ሁሉ አስቁሞ የጎማውን አየር ያስተነፍሰዋል፤ በቃ እየገፋህ ቤትህ ትገባለህ። እኔ ስደርስ «ቁም!» ይለኛል፤ ስቆም መብራቱ ይጠፋል። «መብራትህስ?» ሲለኝ ወርጄ መሪውን በአንድ እጄ አንስቼ ጎማውን በሌላው እጄ አሽከረክርለታለሁ፤ ቦግ ይላል። ሁልጊዜ ያው ትራፊክ፣ ሁልጊዜ ያው ጥያቄ። ደስ ይለው ነበር መሰለኝ።

ዲናሞዋን የገዛኋት ለገሃር ፊት ለፊት ከነበረው የዓረቡ ሱቅ ነው፣ ከነመብራቷ በሃያ ሁለት ብር። ያኔ ሃያ ሁለት ብር ምን እንደነበረ ለሂክማ ላስረዳት ብዬ ትልቅ ፓፓያ በስሙኒ፣ ሻይ ከነቦምቦሊኖው በስሙኒ እያልኩ ስቆጥርላት «ጋሼ፣ ሕልም ነው የምታወራኝ» ብላ ሳቀችብኝ። ሕልም ነው እንግዲህ። ቴትሮን ሸሚዜን ለብሼ፣ የቤልቦተም ሱሪዬን ቀኝ እግር ካቴናው እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጬ፣ አፍሮዬን ነፋስ ወደ ኋላ እየገፋው፣ ከለገሃር እስከ ፍራንኮ እየበረርኩ ስወርድ ማን ይችለኛል! ጋሪዎቹ ከጎናቸው ፋኖስ አንጠልጥለው ቀጭ ቀጭ ይላሉ፤ ከየቡና ቤቱ የሙዚቃ ድምፅ ይንቆረቆራል፤ አንዱን ዘፈን ከአንዱ በር ጀምሬ ሌላው በር ላይ ስደርስ መጨረሻውን እሰማዋለሁ። አቧራው ግን ያኔም አቧራ ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ ባጃጁ እንደ ሠርግ ቤት ባለ ቀለም መብራት አብርቶ ሲያልፍ ፋኖስ ያንጠለጠለው ጋሪ ትዝ የሚለው ሰው እንኳ የለም። እኔም ለማን ልንገር?

በዚያች መብራት የተነሳ ነው የሞት መልእክተኛ የሆንኩት። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጉልበቱን አሞት ቀረ። የእድሩ ዳኛ አንድ እሁድ ጠርተው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተ ልጅ፣ መብራት አለህ፣ ጎማ አለህ፣ ትንፋሽ አለህ፤ ሌላ ምን ቀረህ?» አሉኝ። ጡሩምባውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ፣ አለቀ። ሰው ሲያርፍ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ ሰፈሩን እዞራለሁ፤ በየማዕዘኑ እነፋና ስሙን፣ የቀብሩን ሰዓት እለፍፋለሁ። መርዶ ሲሆን ግን ጡሩምባ የለም። ልጁ በሩቅ አገር የሞተበት ሰው ቤት ሽማግሌዎቹ ጎህ ሳይቀድ መሰብሰብ አለባቸው፤ በጨለማ በሩን እንዳይስቱ እኔ ቀድሜ ሄጄ ደጁ ላይ እቆማለሁ። ሰዉ ይህን ሁሉ ለመደው። አልጋው ላይ ሆኖ ዲናሞዋን ያዳምጣል። ጩኸቷ አልፎ ከሄደ ተመስገን ብሎ ተገላብጦ ይተኛል። ጡሩምባ ሳይሰማ ደጁ ላይ ቀጥ ካለች ግን ነገሩ የራሱ ነው። ያኔ ደግሞ ከየቤቱ አንድ ሁለት ወንድ ልጅ ለውትድርና የሄደበት ዘመን ነበር፤ የእኔን ዲናሞ ሳያዳምጥ የሚተኛ እናት አልነበረም። በቀን መንገድ ላይ ሲያዩኝ የሚያማትቡ ነበሩ። ሻይ ቤት ስገባ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ይቀራል። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር እኮ! ከሴት ልጅ ጋር ቆሜ ማውራት እንኳ ቸግሮኝ ነበር።

ያልፈራችኝ ጌጤ ብቻ ናት። መጠገኛዬ ከለገሃር ግንብ ሥር፣ ከአንዲት ግራር ጥላ ነበረች፤ ጌጤ በየሳምንቱ ቅዳሜ የወንድሟን ብስክሌት እየገፋች ትመጣለች። «አቶ ሞት፣ ጎማዬን ንፋልኝ እስቲ!» ትላለች፤ ሰው ይሰማኛል ብላ አትሰቀቅም። ወንድሟ ለማ የልብ ጓደኛዬ ነበር፤ ለውትድርና ሲሄድ ብስክሌቱን ለእሷ ትቶ ነው የሄደው። ማንም አይነዳትም። ግን ሲመጣ ጎማው አብጦ እንዲያገኘው ብላ በየሳምንቱ ታስነፋለች። ከለማ ደብዳቤ ከመጣ ዓመት አልፎ ነበር። እናታቸው እማማ ጫልቱ ከአቦምሳ መጥታ በጉሊት ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት፤ አንዴ አመዴ ገበያ ሳገኛት እጄን ይዛ «ደምሴ፣ የኔ ልጅ፣ በኔ ደጅ ስታልፍ ፈጠን በል፤ ቀስ ስትል ነፍሴ ትወጣለች» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በእነሱ በር ሳልፍ እግሬ እስኪቃጠል ነበር የምረግጠው።

አንድ ሌሊት፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ የመጠገኛዬ ቆርቆሮ ተንኳኳ። እኔ የማድረው እዚያው ነበር። ስከፍት አንድ አቧራ የጠጣ ሰው ቆሟል፤ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የጭነት መኪና ላይ ተሰቅሎ ነው የመጣው። ድምፁን እስክሰማ አላወቅኩትም። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ደምሴ» አለኝ። ለማ! አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ አለቀስኩ፤ ሳቅሁ። «እቤት ሄደህ ነበር?» ስለው ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «እናቴን ታውቃታለህ፤ በዚህ ሰዓት ድንገት ብታየኝ ልቧ ይቆማል። አንተ ቅደምና ቀስ ብለህ ንገርልኝ። እኔ ፊቴን ታጥቤ እከተልሃለሁ።» እውነቱን ነው። የምሥራችም ቢሆን በአንዴ አይነገርም፣ ሰው ይልካሉ።

እንግዲህ የእኔን ጅልነት ስሙ። ብስክሌቴን ሳወጣ ጡሩምባው መሪው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አየሁት። ይህን ይዤ ብሄድ ያስደነግጣቸዋል ብዬ አውልቄ አልጋዬ ላይ ወረወርኩት! ጡሩምባ ከሌለኝ እንደ ማንኛውም ሰው ነኝ ብዬ እኮ ነው። ከዚያ ምን ነካኝ፣ ልጅነት ነው፣ ደስታ ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ረግጬ አላውቅም። ዲናሞዋ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ትጮኻለች፤ መብራቷ መንገዱን ቀን አድርጋዋለች። እማማ ጫልቱ ደጅ ስደርስ ፍሬኑን ያዝኩ። ጩኸቱ ቀጥ አለ። መብራቱ ድርግም። ገና እግሬን መሬት አላሳረፍኩም፤ ከውስጥ ኡኡታው ፈነዳ።

በሩ ተበርግዶ እማማ ጫልቱ በባዶ እግሯ ወጣች። «ኢልመ ኮ! ልጄን! ለማዬን!» ደረቷን ትደቃለች፤ ፊቷን ትነጫለች። ከኋላዋ ጌጤ ጸጉሯን ይዛ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ከየቤቱ ሰው ፈሰሰ። «አለ! ደህና ነው!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ ማን ይሰማኛል? አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ አቅፈው ይዘውኝ «አይዞህ ልጄ፣ ጓደኛህ ነበር፣ አልቅስ፣ ይወጣልህ» ይሉኛል። ስታገላቸው ሌላ ሰው መጥቶ እግሬን ያዘኝ፤ ራሱን ሊጎዳ ነው ብለው እኮ ነው! የእድሩ ልጆች ድንኳን ሊያመጡ ሮጡ። ለማ ደግሞ መጠገኛዬ በር ላይ ፊቱን እየታጠበ ለቅሶውን ሰማ። ከእናቱ ቤት አቅጣጫ ነው። እናቴ ሞታ ደምሴ ደብቆኝ ኖሯል ብሎ በባዶ እግሩ ሮጠ። «እናቴን! ወየው እናቴን!» እያለ በሕዝቡ መሃል ሰንጥቆ መጣ። እሷ እሱን እያለቀሰች፣ እሱ እሷን እያለቀሰ፣ ደጁ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እማማ ጫልቱ ደም በነካው እጇ ፊቱን ዳበሰችው፣ ጆሮውን፣ አንገቱን ዳበሰችው፣ ከዚያ እግሩ ሥር ዘጭ አለች።

ከዚያ በኋላ ሳቁ፣ እልልታው፣ ጠላው፣ ጭፈራው አይነገርም። ድንኳኑ መጥቶ ስለነበር እዚያው ተተክሎ ተጨፈረበት። ዛሬ ሰው ቢነግረኝ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ግን ደስታው መሃል አንዲት አሮጊት ለሌላዋ ስትንሾካሾክ ሰማኋት፤ በቁሙ የተለቀሰለት ልጅ አይበረክትም እያለች ነው። የለማ የእረፍት ፈቃድ አሥራ አምስት ቀን ነበር። አሥራ አምስቱንም ቀን ከእኔ ሳይለይ፣ በዚያች ጎማዋ በተነፋች ብስክሌቱ ሲንሸራሸር ከረመ። ከዚያ ወደ ጦሩ ተመለሰ። በስንተኛው ወር እንደሆነ ልቤ አያስታውስም፣ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ በእግራቸው መጡ። እኔ የእድሩን ሥራ ትቼ ነበር፤ ዲናሞዋንም ነቅዬ ጉድጓድ ጨምሬያታለሁ። ማዶ ቆሜ አየሁ። እማማ ጫልቱ «እኔ ልጄን አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለች። ጌጤ በሩን ከፍታ «ግቡ» አለቻቸው፤ ከዓይኗ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሦስቱንም ቀን ወንበር ስታቀብል፣ ውሃ ስታመላልስ ዋለች። ሰዉ አፉን ያዘ።

እንግዲህ እኔ ይህችን ልጅ አገባሁ። ሽማግሌ ብልክ እማማ ጫልቱ አላንገራገረችም፤ ብቻ «ያቺን ጩኸት በደጄ እንዳልሰማት» አለች። አልሰማቻትም። እስክትሞት ድረስ በፍቅር ጧርናት። ከዚያች ጠዋት ወዲህ አርባ ምናምን ዓመት ሆኖ፣ የሰው ብስክሌት ስጠግን ዕድሜዬን ፈጅቼ፣ አንዲት ቀን እንኳ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም። ጌጤ ልጆች ወልዳልኛለች፣ ስታመም አስታማኛለች፣ በየቀኑ ትቀልድብኛለች፤ ስለዚያ ጎህ ግን አንዲት ቃል ወጥቷት አያውቅም። የለማን ስም ስጠራ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ታዲያ እኔ ምን ልበል? በልቧ «ወንድሜን በቁሙ ያስለቀስክብኝ አንተ ነህ» ትለኛለች፣ ወይስ አትለኝም? ከለማ ሞት ይልቅ ይህ ነው ዕድሜ ልኬን ከፓፓያው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ፓፓያው የሚያመላልሰኝ። ጠይቃት ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናንተ ጠይቋት።

ሂክማ ለዚያ ለአዲስ አበባው ሰውዬ ደወለችልኝ። በሳምንቱ እንደ እሷው ያለ ጎማ ከነመብራቱ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ መጣ። ዋጋውን አልናገርም። ከሰል ማስቀመጫው ውስጥ በጆንያ ሸፍኜ ደበቅኩት፤ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው እንደ ሌባ! ሦስት ቀን ወጣ ገባ አልኩ። ልንገራት፣ አልንገራት፣ ልመልሰው፣ አልመልሰው። በሦስተኛው ቀን ጌጤ ከሰል ልታወጣ ገብታ ጆንያውን ገለጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎማ ነው።»

«ጎማ መሆኑንማ አያለሁ፤ ዓይኔ አልጠፋ!» ጎንበስ ብላ መሃሉ ላይ ያለውን ወፍራም እምብርት፣ ከእሱ የወጣውን ሽቦ፣ ከሽቦው ጫፍ ያለውን መብራት አየችው። የብስክሌት ጠጋኝ ሚስት እኮ ናት። «ዲናሞ ነው?»

መዋሸት አቃተኝ። «አዎ።»

«ይጮኻል?»

«አይጮኽም።»

«ሲቆምስ?»

«አይጠፋም።»

ከሰሉን ትታ ወጣች። ወደ ጓዳ ገባች ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እሷ ግን ነጠላዋን ደርባ ተመልሳ መጣችና በረንዳው ላይ ተቀመጠች። «ግጠመው» አለችኝ። «ግጠመውና ሲመሽ ዞር ዞር በልበት። ከዚያ መጥተህ በሩ ላይ ቁም። እኔ እዚሁ ሆኜ ልስማው።» ፊቷን ላነበው ሞከርኩ፤ ምንም አይነበብም። በቀን የምነዳት ብስክሌቴ ላይ ስገጥመው አራት ጊዜ ብሎኑ ወደቀብኝ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጎማ ገጥሜያለሁ፤ እንደዚህኛው ግን ያሠራኝ የለም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፣ ዳር ዳሩን። ከዚያ እግሬ አስታወሰ። መብራቱ ምንም ሳይገረጣ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ከፊቴ አስፋልቱን ነጭ አድርጎ ይሄዳል፤ እኔም እከተለዋለሁ። ጎማው አይይዝም፣ ድምፅ የለም፤ የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው። በፖስታ ቤት በኩል ወጣሁ። በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። ባጃጅ ውስጥ ያለ ጎረምሳ አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ይመችህ!» አለኝ። ለገሃር ጋ ስደርስ ግራሯ የነበረችበት ቦታ ፎቅ ነው፤ የሞባይል ሱቅ፣ ጭማቂ ቤት፣ ባንክ። ማዶ ተራራው ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ቀይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ይህ ዕድሜ ልኩን አቧራ ሲያለብሰን የኖረው የናዝሬት ነፋስ እሱም ዲናሞ ያዞር ጀመር አልኩ ለራሴ። ሳቄ መጣ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ባለኝ ቁጥር ደግሞ ያ ጎህ ይመጣብኛል፣ ያኔም እንዲሁ ደስ ብሎኝ ነበር የምበረው። ልመለስ አልኩ፤ ደግሞ ትንሽ ልቆይ አልኩ። ሦስት ጊዜ በሰፈራችን መግቢያ አልፌ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። በአራተኛው ታጠፍኩ።

በራችን ላይ ፍሬን ያዝኩ። መብራቱ አልጠፋም፤ የቆርቆሮውን በር ከላይ እስከ ታች አብርቶ ቆመ። ጠበቅኩ። ከውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። ሳል የለም፣ «ማነው?» የለም። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፣ ብስክሌቱን እየገፋሁ በሩን በትከሻዬ ከፈትኩ። ጌጤ በረንዳው ላይ፣ እንደተቀመጠች ነው። መብራቱ ፊቷ ላይ አረፈ።

«አልሰማሁህም» አለች።

«አይጮኽም አላልኩሽም?»

«ያን ጊዜ ግን ሰምቼህ ነበር።»

ገባኝ። «መቼ?» አላልኳትም። ብስክሌቱን ግንቡ ላይ አስደግፌ እዚያው ቆምኩ።

«ከለገሃር ስትነሳ ጀምሮ ነው የሰማሁህ» አለች፤ እኔን ሳይሆን መብራቱን እያየች ነው የምታወራው። «ሁልጊዜም እሰማህ ነበር። ሌሊት ነቅቼ እጠብቅህ ነበር። ለሰው ሞት እየሄድክ እኔ በደጃችን ስታልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነውር ነው፣ ለማን ይነገራል? ያን ቀን ግን አላለፍክም። ቆምክ።»

«እናትሽ እኮ…»

«እናቴ ተኝታ ነበር።»

አንድ እርምጃ ወደ እሷ ራመድኩ።

«በጣም ደክሟት የተኛችበት ሌሊት ነው፤ ምንም አልሰማችም። መጀመሪያ የጮኽኩት እኔ ነኝ ደምሴ። እሷ በእኔ ጩኸት ነው የተነሳችው። ወንድሜን በቁሙ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሰዉ ሁሉ አንተን ሲወቅስ፣ እናቴም አንተን ስትወቅስ፣ አፌን ዘግቼ ኖርኩ። መርዶው ሲመጣ ደግሞ በምን አፌ ላልቅስ? አንዴ አልቅሼ ገድዬዋለሁ።»

አልዋሽም፣ ተናደድኩ። አርባ ዓመት! አርባ ዓመት ሙሉ አንቺ በጓዳ እኔ በደጅ፣ ሁለታችንም ያንኑ አንድ ሸክም ተሸክመን፣ እያንዳንዳችን የራሳችን ብቻ መስሎን! ልጮኽባት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አየኋት። ስድሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ልትመታ እንደምትጠብቅ ልጅ ትከሻዋን ሰብስባለች። «አንቺ አይደለሽም የገደልሽው» አልኳት። «እኔም አይደለሁም። ጦርነት ነው የገደለው ጌጤ። ወንድምሽ ሞተ እኮ። በቃ፣ ለማ ሞተ።» ይህን ቃል ለእሷ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ያን ማለዳ ሽማግሌዎቹም አፋቸውን ሳይከፍቱ ነበር በሩን የከፈተችላቸው።

መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ድምፅ ከአፏ ወጣች፣ ከዚያ ሙሉው መጣ። «ወንድሜን! ለማዬን! ወየው!» ጎኗ ሄጄ ተቀመጥኩና አቀፍኳት። እኔም አለቀስኩት፤ ጓደኛዬ ነበር። መብራቱ መቼ እንደጠፋ አላየሁም። የጓሮው በር ተከፍቶ ሂክማ ሻሿን እያስተካከለች፣ በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ! ምን ሆናችሁ? ማን አርፎ ነው?»

«ወንድሟ» አልኳት።

«ኢና ሊላሂ!» እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «መቼ?»

ጌጤ ደረቴ ላይ ሆና ታለቅሳለች። በረንዳው ላይ ያለችውን በርጩማ በእግሬ ሳብኩና «ነይ የኔ ልጅ» አልኳት፤ «ቁጭ በይ፣ አብረሽን አልቅሺ።»